ከማዶ የመጣ ቅቤ

በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ዘጌ ላም አታረባም። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ገዳሙን ሲገድሙ፣ ሕዝቡ በሬ ሳይጠምድና ከብት ሳያረባ በጫካው ፍሬ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀብለዋል። ልሳነ ምድሩ እስከ ዛሬ በቡና ጫካ የተሸፈነው፣ ሰዉም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ እህል የሚሸምተው ስለዚህ ነው። የዘጌ ሴት ግን እንደ ማንኛዋም የጎጃምና የጎንደር ሴት አናቷን ቅቤ ትቀባ ነበር። ላም በሌለበት አገር ቅቤው ከየት ይመጣል?

ከማዶ ነው የሚመጣው፣ በታንኳ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል አስረው የሚሠሯት ታንኳ ቡናና እንጨት ጭና ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጤፍ፣ ጨውና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ትመጣለች። በሐይቁ ምሥራቅ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ አለ፤ የፎገራ ላም ወተቷ በአገር የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ ባሕር ዳር አጠገብ አንዳሳ ላይ የከብት ምርምር ጣቢያ ሲቋቋም ትኩረቱ ይህችው ላም ነበረች።

እኔ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሰውነት ቅባት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ አንሥቶ «የትኛው ይሻላል?» ሲለኝ፣ ጀርባቸውን አዙሬ የተጻፈውን አነብለታለሁ። ስለዚህ ሥራ ከማውቀው ብዙውን ያስተማረችኝ ግን ፊደል ያልቆጠረችው የዘጌዋ አያቴ ናት። እሷ ቅቤ እንደመጣላት አትቀባም። መጀመሪያ ለጋውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ እያሸች ታጥበዋለች፤ ውሃው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ትደፋዋለች፣ እንደገና ትጨምራለች፤ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ አታቆምም። የምታወጣው አሬራውን ነው። ቅቤ ቶሎ እንዲሸት የሚያደርገው በውስጡ የቀረው አሬራ መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ የደረቀ የአደስ ቅጠል ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ፣ ከቅቤው ጋር ታሸዋለች። መሃል አናታችን ላይ አድርጋልን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን፤ ቅቤው እየቀለጠ በሹሩባው መስመር ወደ ማጅራታችን ይወርዳል። እጇ ላይ የቀረውን በክርናችንና በተረከዛችን ትጠርገዋለች። በበጋ የሐይቁ ነፋስ ቆዳን አመድ ሲያስመስል፣ ተረከዝም ሲሰነጠቅ፣ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። ለበዓል ደግሞ እንሶስላ ይታከልበታል፤ እጅና እግር ታስሮ ይታደርና ጠዋት ተፈትቶ በቅቤ ይታሻል።

አደሱ ለሽታ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ሽታው ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያ የሚነሣው ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ይደርስና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይሄድ ነበር። በጎጃምና በጎንደር መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች ያርፉባቸው ከነበሩ ከተሞች አንዷ ከሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለችው ቆራጣ ነበረች። የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ይፈልጉት የነበረው ዝባድ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በጠርሙስ ጀርባ «ሽቶ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚታለፈው ነገር ያን ጊዜ የሲራራ ንግድ ያንቀሳቅስ ነበር።

ባዕዳኑም ቅቤውን አይተዋል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በሰሜን ኢትዮጵያ ኖሮ፣ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ እሱ ራሱ እንደ አገሩ ሰው ጸጉሩን ተሠርቶ ቅቤ ይቀባ እንደነበር ጽፏል። ሌሎች ተጓዦች ግን አፍንጫቸውን ይዘው ነው የጻፉት። ያ ንቀት ኋላ ወደ እኛ መግባቱ እስከ አሁን ያሳዝነኛል። ንቀቱ የተነሣው ካለማወቅ ነውና።

ወተት በውሃ ውስጥ የተበተነ ስብ ነው። ሲናጥ ነገሩ ይገለበጥና ስቡ ውሃውን በውስጡ ይይዘዋል፤ ቅቤ የምንለው ይህን ነው፤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ፣ 16 በመቶ ያህሉ ውሃ። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ቅባቶችም በእነዚህ በሁለት መንገዶች የተሠሩ ናቸው። ከጠርሙስ የሚፈሰው ሎሽን የወተት ወገን ነው፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በመለያው ላይ መጀመሪያ የሚነበበው «አኳ» ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው ወፍራም ክሬም ደግሞ የቅቤ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሃምቡርግ ውስጥ ባየርስዶርፍ ኒቪያን ለገበያ ያቀረበው ከበግ ጸጉር ስብ የወጣ ማያያዣ ዘይቱንና ውሃውን ሳይለያዩ ስላቆየለት ነው። የጎጃም መናጫ ያንን ማያያዣ ከሌላ ቦታ መፈለግ አላስፈለገውም፤ ወተቱ ውስጥ አለ።

ቅባቶቹ የሚለያዩበትም አለ። ቅቤ ስቡ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ውሃም እንዳይተን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሲቆይ ቡቲሪክ አሲድ ይለቅቃል፣ ሰው የሚሸሸው ሽታ ከዚህ ነው። የኑግ ዘይት ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሰርጋል፣ ግን አየር ሲነካው ቶሎ ይበላሻል። ጉሎ ወፍራም ነው፤ ከቆዳ ላይ በቀላሉ አይለቅም። ሮበርት ቼስብሮ የተባለ አሜሪካዊ ከነዳጅ ዘይት አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ቫዝሊን ደግሞ አይሸትም፣ አይበላሽም፣ እርጥበት በመክደንም ከሁሉ ይበረታል፤ ከራሱ የሚሰጠው እርጥበት ግን የለም። ውሃ የሚስበው ግሊሰሪን ነው፤ እሱም ሳሙና ሲሠራ የሚገኝ ነው። አያቴ ቅቤውን የምትቀባን ገላችንን ታጥበን ሳንደርቅ ነበር። ግሊሰሪን ባይኖራትም ውሃውን በዚህ መንገድ ታስቀረው ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ ነገሩ የተቀየረው በ1950ዎቹ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠራ፤ ሶቪየቶችም ፖሊቴክኒኩን አቆሙ። ትንሿ የጊዮርጊስ መንደር ደመወዝተኛ ከተማ ሆነች። እናቴ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ቅቤ የተቀባ ጸጉር የጥጥ ብናኝ ይሰበስባል፤ ፈረቃው ሲያልቅ ሻሿ ሥር ያለው ጸጉር ነጭ ለብሶ ይገኛል። እሷና ጓደኞቿ ቅቤውን ለእሑድ አቆዩት፣ በአዘቦት ቀን ቫዝሊን ያዙ። የሽታው ኀፍረት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ቅቤ ተቀብታ ክፍል የምትገባ ልጅ አልነበረችም።

ቅባት ለመልክ ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው የጎጃምን እግር ይመልከት። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ዕድሜውን ሙሉ የሄደ ገበሬ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው የእግር እብጠት ይያዛል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የተደረገ ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ሕመምተኞችን እየደጋገመ አልጋ ላይ የሚጥለውን ትኩሳትና እብጠት መቀነሱን አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ የአገራችን ሙከራ በእግር መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨምሮ ውሃውን ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር አወረደው፤ የቆዳውም እርጥበት ተሻለ። ውሃ በእንስራ ለምትቀዳ ሴት አምስት ሊትር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግሊሰሪኑም በመደርደሪያዬ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት አንዱ ነው።

ስለዚህ ለጠያቂዬ የምለው ይህን ነው፦ ከውሃው ቀጥሎ ግሊሰሪን፣ ከዚያም ቫዝሊን ወይም የሺአ ቅቤ የተጻፈበትን ውሰድ፤ ሺአው ጋምቤላም የሚበቅል ዛፍ ነው። ብር ካነሰህ ግሊሰሪኑን በውሃ አቅጥነህ በእርጥብ ገላ ተቀባ፣ ቫዝሊን ደርብበት። ያቀላል የሚሉትን አልሸጥም፤ ሜርኩሪ ያለባቸው ኩላሊት ይጎዳሉ። ቅቤ የሚወዱ እናቶች ሲመጡ ደግሞ እጠቡት፣ አደሱን አትተዉ፣ ለአናትና ለተረከዝ ይሁን እላቸዋለሁ። በአንድ ነገር ብቻ እከራከራቸዋለሁ፦ አራስ ቤት የሕፃኑ እትብት ላይ ቅቤ አይነካም። ቁስሉ ክፍት ነው፣ ቅቤውም ከገበያ የመጣ ነው፤ እትብት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ፣ ጤና ጣቢያው ለእትብቱ ጄል ከሰጣቸው እሱን ብቻ ይቀቡ።