ሃያ ሰባቱ ቀናት፤ ስለ መድኃኒትና ስለ ሕመምተኛው ፈቃድ

መድኃኒት ከሆስፒታሉ መስኮት ከወጣ በኋላ በማን ሥልጣን ሥር እንደሚውል ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ሐኪሙ ያዝዛል፤ ፋርማሲስቱ ያድላል፤ ሕመምተኛውም እንደታዘዘው ይውጣል ተብሎ ይታሰባል። የዚህን አስተሳሰብ ጉድለት በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ከብስራተ ገብርኤል ብዙም ሳይርቅ፣ በዘነበወርቅ ሰፈር ይገኛል።

በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ተቋቋመ። በዚያን ዘመን የበሽታው ዋነኛ መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ዋጋው ርካሽ፣ አወሳሰዱም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሕክምናው ብዙ ዓመታትን፣ ባክቴሪያው በበዛባቸው ሕመምተኞች ዘንድ ደግሞ ዕድሜ ልክን ይጠይቅ ነበር። ቁስሉ የደረቀለት፣ ወይም እርሻውን ትቶ ረጅም መንገድ በእግሩ መጓዝ የተሳነው ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ቸልተኛ ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ዳፕሶን ብቻውን መሰጠቱ፣ መጠኑ ማነሱና አወሳሰዱ መቆራረጡ ተደማምረው ጉዳት አስከተሉ። መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ መኖሩ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 በማሌዥያ ተረጋገጠ። በ1960ዎቹ ማገባደጃ ላይ በአዲስ አበባ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ ዳፕሶንን ፈጽሞ ባልወሰዱ አዲስ ሕመምተኞች ላይም ጭምር እንደሚገኝ አሳዩ። የአንዱ ሰው ሕክምና ጉድለት ለሌላው ተርፎ ነበር ማለት ነው።

ስለሆነም የዓለም የጤና ድርጅት የጥናት ቡድን በ1974 ዓ.ም. መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። ባክቴሪያው የበዛበት ሕመምተኛ በወር አንድ ቀን 600 ሚሊግራም ሪፋምፒሲንና 300 ሚሊግራም ክሎፋዚሚን በጤና ባለሙያ ፊት ይወስዳል፤ በቤቱ ደግሞ በየቀኑ 100 ሚሊግራም ዳፕሶንና 50 ሚሊግራም ክሎፋዚሚን ይውጣል። ለዚህ የተዘጋጀው እሽግ የ28 ቀን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ባለሙያው የሚያየው አንዱን ቀን ብቻ ነው፤ የቀሩት 27ቱ ቀናት በሕመምተኛው እጅ ናቸው።

በእነዚህ ቀናት የሚገጥመው ነገር ቀላል አይደለም። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል። በሽታውን ከጎረቤት ሸሽጎ ለሚኖር ሰው የፊቱ መጥቆር ምስጢሩን እንደ ማውጣት ነው። የቆዳው መልክ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚመለስ ተነግሮት፣ ይህም በኑሮው ላይ ምን እንደሚያስከትልበት ተጠይቆ የሚሄድ ሰውና እሽጉን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው እኩል አይሆኑም።

የዓለም የጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሪፖርት፣ በቆዳው መጥቆር ምክንያት ክሎፋዚሚንን ለማይቀበሉ ሕመምተኞች በወር አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሌላ የመድኃኒት ጥምረት ለ24 ወራት እንዲሰጥ ፈቀደ። የሕመምተኛው እምቢታ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ቀርቶ መልስ የሚገባው ምክንያት ሆኖ በመመሪያ ሰፈረ።

ይኸው ትምህርት በሌላ በሽታም ተደገመ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከሕመምተኛው ጋር ስለ አወሳሰዱ መመካከር የአሠራሩ አካል ሆነ። በመስኮት በኩል ማደልን የለመደው ሙያም ከሕመምተኛው ጋር ተቀምጦ መነጋገርን ተማረ። በ2000ዎቹ የፋርማሲ ትምህርት ከመድኃኒቱ ባሻገር በሕመምተኛው ላይ እንዲያተኩር መደረጉም ይህንኑ አቅጣጫ አጠናከረ።

ሕመምተኛውን በውሳኔው ማሳተፍ ማለት ባክቴሪያው በስንት መድኃኒት እንደሚሸነፍ እርሱ ይወስን ማለት አይደለም፤ ያ የሳይንስ ድርሻ ነው። መድኃኒቱ በየትኛው ሰዓት ቢወሰድ ለኑሮው እንደሚስማማ፣ የትኛውን ጉዳት ሊታገሥ እንደሚችልና የትኛውን እንደማይችል፣ ችግር ሲገጥመው ወዴት እንደሚመለስ ግን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ፋርማሲስቱ ይህን ጠይቆ፣ የሰማውንም ለሐኪሙ አድርሶ፣ አማራጭ ካለ ሊያስፈልግ ይገባዋል። ሕመምተኛው ቢጠየቅም ባይጠየቅም በቤቱ መወሰኑ አይቀርም። ከዘነበወርቅ የሚገኘው ትምህርት፣ ያ ውሳኔ ከባለሙያው ተሰውሮ ሲፈጸም ዋጋውን የሚከፍለው ሕመምተኛው ብቻ አለመሆኑ ነው።