ጭስ ማውጫ ያለው ቤት

የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰሞን ከኬጂ ስትመለስ ፊቷን አጨፍግጋ ደብተሯን ጭኔ ላይ ጣለችው። "ቤት ሣሉ" ተብለው የራሷን ቤት ሥላለች፤ ቀጥ ያለ ረጅም ሳጥን፣ የተደረደሩ መስኮቶች፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ጣሪያው ላይ ዲሽ። ኮንዶሚኒየም ነዋ! አጠገቡ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተቀምጦበታል። ከሥሩ መምህርቷ "ትክክለኛውን" ቤት ሥላላታለች፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ በር፣ ከላይ ጭስ የሚትጎለጎልበት ማውጫ።

"አባባ" አለችኝ፣ "ይሄ ቤት እየተቃጠለ ነው?"

እንዲህ ያለ ቤት በሰፈራችን አንድም የለም። በማግሥቱ መምህርቷን አነጋገርኳት። "ጋሼ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው እንደዚህ ስለሆነ እኮ ነው" አለችኝ በትሕትና። አልፈረድኩባትም። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር መጽሐፉ ያለውን እየደገምኩ ስንት ዓመት ደመወዝ በልቻለሁ።

የሚገርመኝ ግን፣ ኬጂ የሚባለውን ነገር ለዓለም ያበረከተው ሰው አርክቴክት ልሁን ብሎ የተነሣ መሆኑ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮቤል ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) በ1782 ተወለደ፤ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። በ1805 የሕንፃ ሥራ ሊማር ፍራንክፈርት ገባና በዚያው መምህር ሆኖ ቀረ። በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ ከፈተ፤ በ1840 "ኪንደርጋርተን" አለው፤ የልጆች የአትክልት ሥፍራ እንደማለት ነው።

ሕንፃው ግን ከልቡ አልወጣም። ለልጆች ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች "ስጦታ" ይላቸዋል። ሦስተኛው ስጦታ አንዲት የእንጨት ሳጥን ናት፤ ውስጧ ስምንት እኩል ኩቦች አሉ። ሕፃኑ በነዚያ ወንበር ይሠራል፣ በር ይሠራል፣ ደረጃ ይሠራል። ጨዋታው ታዲያ ሕግ አለው። ስምንቱም ሥራ ላይ መዋል አለባቸው፤ ተርፎ ጥግ የሚጣል እንጨት የለም። ደግሞም የተሠራው አይናድም፤ ወንበሩ አንድ አንድ ኩብ እየተዛወረለት ቀስ በቀስ ደረጃ ይሆናል እንጂ። በእኛ 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ቆሜ ሳይ ትዝ ያለኝ ይኸው የሕፃናት ሕግ ነበር።

ይህን ጨዋታ የፈራ መንግሥትም ነበረ። ፕሩሲያ በ1851 ኪንደርጋርተንን አገደች፤ ሃይማኖት የለሽነትና ሶሻሊዝም ያስተምራል ተብሎ። ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮቤል ጋር አምታተውት ነው ይባላል። አይ ቢሮ! ሽማግሌው በዓመቱ፣ በ1852 ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው፤ እሱ አፈር ከለበሰ ከስምንት ዓመት በኋላ።

ኩቦቹ ግን ውቅያኖስ ተሻገሩ። በ1876 ፊላደልፊያ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት እናት አየቻቸውና ለልጇ ገዛችለት። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ለኬጂስ ዕድሜው አልፏል። ፍራንክ ሎይድ ራይት ይባላል፤ ኒውዮርክ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠመዘዘውን የጉገንሃይም ሙዚየም የነደፈው ሰው። ሸምግሎ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ የነዚያ እንጨቶች ቅርጽ ከጣቶቹ እንዳልጠፋ ተናግሯል።

እኛ እንግዲህ ስሙን ተቀብለን ሳጥኗን ትተናታል። ድሮ ቢያንስ እቃቃ ነበረን። ድንጋይ ደርድረን "ይሄ ጓዳ፣ ይሄ ሳሎን" እንባባል ነበር። ጎረቤት ቤት ሲሠራ ጭቃውን ከጭድ ጋር የምንረግጠው እኛ ልጆች ነበርን፤ ማገሩ ለምን አግድም እንደሚታሰር፣ ምርጊቱ ያለ ጭድ ለምን እንደሚሰነጠቅ ያወቅነው በእግራችን ነው። የዛሬው ልጅ የሚኖርበትን ግድግዳ ከምን እንደተሠራ የሚነግረው የለም። ይባስ ብሎ ያየውን ሲሥል ተሳሳትክ ይባላል።

ማታ ልጅቷን አስቀምጬ የአክሱምን ሐውልት ፎቶግራፍ አሳየኋት። ያን በ1937 ጣሊያኖች ሮም የወሰዱትን፣ በ2005 ተመልሶ በ2008 የተተከለውን ነው። ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። አክሱማውያን ቋጥኙን የጠረቡት በፎቅ ቤት መልክ ነው። ከታች የማይከፈት በር አለው፣ ከነመዝጊያው። በላዩ መስኮት በመስኮት ላይ ተደርድሯል፤ በየፎቁ መሐል ከግድግዳ ወጣ ወጣ ያሉ የሚመስሉ ክብ የወራጅ ጫፎች አሉ፤ እነሱም ድንጋይ ናቸው።

ዝም ብላ በጣቷ ፎቁን ቆጠረች። ከዚያ ደብተሯን አምጥታ ቀይ ኤክስ ያረፈበትን ሥዕል ከፎቶግራፉ ጎን አስቀመጠችው። አንዴ ይሄን አንዴ ያን ስታይ ቆየች።

"አባባ፣ ልብስ የሚያሰጡት ታዲያ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።