የጎንደሩ መንግሥቱ ወርቁና የ1954 ዓ.ም. ድል

ጎንደር በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ ዘወትር የምትነሣው በነገሥታቷና በአብያተ መንግሥቷ ነው። ይሁን እንጂ ስሟን በአፍሪካ የእግር ኳስ መዝገብ ያሰፈረ ልጅም አላት፤ እርሱም መንግሥቱ ወርቁ ነው።

መንግሥቱ የተወለደው በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አገሪቱ በፋሽስት ወረራ ሥር ሳለች ነበር። በኢትዮጵያ ምድር የቀረው የመጨረሻው ታላቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በዚያችው በጎንደር መሆኑ ይታወሳል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የጎንደሩ ተወላጅ፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ከተወለዱት ከወንድማማቾቹ ከሉቻኖና ከኢታሎ ቫሳሎ ጋር አንድ መለያ ለብሶ ተሰለፈ። የአባቶችን ትውልድ በጦር ሜዳ ያፋጠጠው ጠብ ልጆቹን በኳስ ሜዳ አልለያያቸውም።

በአዲስ አበባ በተደረገው በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፣ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ሁለቱን የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደችው፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 የረታችው ግብፅ ነበረች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ ኢትዮጵያውያንም ሁለት ጊዜ ደረሱባቸው። የመጀመሪያውን ያገባው ግርማ ተክሌ ነበር። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 በማለቁ በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ መንግሥቱ አራተኛውን አክሎ ድሉን አጸና። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነበር። መንግሥቱም በ3 ግቦች ከግብፃዊው ባዳዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢነትን ተጋራ።

ዕድሜውን ሁሉ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተጫወተው መንግሥቱ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ግቦች በድምሩ 10 ደርሰዋል፤ ከኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። ሆኖም ግብ በአንድ ሰው ስም ይመዝገብ እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሳያቀብሉት የሚያገባ፣ ሳይተማመኑ የሚያቀብል የለምና።

ሜዳው ያስተሳሰራቸውን ኋላ ዘመን በታተናቸው። ሉቻኖ በ1970 ዓ.ም. ከደርግ ሸሽቶ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። መንግሥቱ በአገሩ ቀርቶ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መራ፤ ቡድኑ ግን አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያም ኢትዮጵያ ወደዚህ ውድድር ለመመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀባት።

መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የትውልድ ከተማው ክለብ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የጎንደር ወጣቶች ከዚህ ሰው የሚወርሱት የግቦቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ የጓደኛን ዘር ሳይጠይቁ ኳሱን የማቀበልን ልማድ ሊሆን ይገባል።