አሜሪካ የጣለችው፣ ቻይና ያነሳችው ወረቀት

በሁለት አገሮች መካከል ስላለ የወረቀት ንግድ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያየው ያለቀለትን ዕቃ፣ ከቀረጥ ጋር የሚነሳውንም ጭቅጭቅ ነው። የአሜሪካና የቻይናን ታሪክ ለመረዳት ግን መታየት ያለበት ቆሻሻ መጣያው ነው።

አሜሪካ የመጀመሪያውን የወረቀት ፋብሪካ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1690 ሲሆን፣ ዊልያም ሪተንሃውስ ፊላደልፊያ አጠገብ ወንዝ ዳር አቋቋመው። ጥሬ ዕቃው ያረጀ የበፍታ ጨርቅ ነበር። ኋላ ከእንጨት ወረቀት መሥራት ሲለመድ ሰፊ ደን ያላት አገር ጨርቅ መልቀም ተወች። የወረቀት እናት የምትባለው ቻይና በአንጻሩ እንጨት ያጥራታል። ለረጅም ጊዜ በሩዝና በስንዴ ገለባ፣ በሸምበቆና በቀርከሃ ስትሠራ ኖራለች። በ1998 የያንግትዜ ወንዝ ጎርፍ ብዙ ሕይወት ካጠፋ በኋላ ደግሞ መንግሥት የተፈጥሮ ደን መቁረጥን በጥብቅ ገደበ።

ይህ የሆነው ፋብሪካዎቿ ለዓለም ገበያ ማምረቱን በተያያዙበት ሰዓት ነው። ጫማውም ቴሌቪዥኑም ካርቶን ይፈልጋል። ካርቶኑ ከምን ይሠራ?

መልሱ ከጎርፉም በፊት አሜሪካ ውስጥ መገኘት ጀምሮ ነበር። ዣንግ ዪን የተባለች ነጋዴ በ1990 ሎስ አንጀለስ ገብታ፣ ቆራሌው እኛ ሰፈር እንደሚዞረው ከባለቤቷ ጋር በአሮጌ መኪና እየዞረች ያገለገለ ወረቀት መግዛት ጀመረች። የቻይናን ሸቀጥ ያራገፉ መርከቦች ሲመለሱ ኮንቴይነሮቻቸው በአብዛኛው ባዶ ስለነበሩ የማጓጓዣው ዋጋ እጅግ ርካሽ ነበር። በ1995 ዶንግዋን ከተማ ላይ ናይን ድራገንስ የተባለውን የካርቶን ፋብሪካ ከፈተች፤ በ2006 የቻይና ቁጥር አንድ ሀብታም ተባለች።

የአሜሪካ ካርቶን የተፈለገው በርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ካርቶን ቀደድ አድርጋችሁ ጠርዙን በብርሃን ብታዩት ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ታያላችሁ። ጥንካሬው ያለው እነሱ ውስጥ ነው። የጥድ ክር ረጅም ነው፤ የገለባ ክር አጭር ነው። ወረቀት በውሃ ተበጥብጦ እንደገና በተሠራ ቁጥር ደግሞ ክሩ እየተቆራረጠ ያጥራል። ስለዚህ በአሜሪካ የጥድ ደን ክር የተሠራ አሮጌ ካርቶን ለቻይና ፋብሪካ ተቆርጦና ታስሮ የመጣ ደን ነበር። በ2016 ቻይና ከውጭ የገዛችው ያገለገለ ወረቀት ከ28 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን፣ ትልቁ ሻጭ አሜሪካ ነበረች።

ሻጩ ግን ዕቃውን እንደ ቆሻሻ ነበር የሚያየው። ጠርሙሱና የምግብ ትርፍራፊው ከወረቀቱ ጋር ተጠቅጥቆ ይጫን ነበር፤ ይህ በእኔ እምነት የአሜሪካ ትልቁ ጥፋት ነው። ቻይና በ2017 ያልተለየ ድብልቅ ወረቀት እንደማትቀበል አስታወቀች። በ2018 በቀሪው ውስጥ የሚፈቀደውን ባዕድ ነገር ወደ 0.5 በመቶ አወረደች፤ በዚያው ዓመት በሁለቱ አገሮች መካከል የተነሳው የንግድ ጦርነት 25 በመቶ ቀረጥ ጨመረበት። ከ2021 መባቻ ጀምሮ በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ።

ሪተንሃውስ ጨርቅ በለቀመባት ፊላደልፊያ፣ በሩ መጥበብ ሲጀምር ነዋሪው ለይቶ ካስቀመጠው ዕቃ ግማሽ ያህሉ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ማቃጠያ ተላከ። ቻይናም ብትሆን ያለ ክሩ መዝለቅ አልቻለችም። ናይን ድራገንስ በ2018 በአሜሪካ ሜይንና ዊስኮንሲን ግዛቶች ውስጥ የወረቀት ፋብሪካዎችን ገዛ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ፌርሞንት የሚገኘውንም ጨመረ። ፌርሞንት ላይ ያገለገለው ወረቀት ታጥቦና ተጣርቶ ፐልፕ የሚባል የወረቀት ሊጥ ይሆናል። ፐልፕ ደግሞ በቻይና ጉምሩክ ፊት ቆሻሻ አይደለም፤ እገዳው አይነካውም።