የጣርማ በር ዋሻና የሾፌሩ ዓይን

የአበሻ ሾፌር ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ… ሁሉም ከነሱ የቀሩ ናቸው። ከቃላቱ ሌላ አንድ ትልቅ ንብረትም ትተውልን ሄደዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ሲና ከመድረሳችሁ በፊት፣ ተራራውን በስቶ የሚያልፍ 587 ሜትር ዋሻ አለ። ጣርማ በር ነው። አንዳንዱ እስካሁን “ሙሶሎኒ” እያለ ይጠራዋል። (ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1945 ሚላን አደባባይ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ፤ ስሙ ግን ሰሜን ሸዋ ላይ አልወርድም ብሏል።)

አማርኛችን ከፍ ያለውን የተራራ ማለፊያ “በር” ይለዋል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደጋው እዚያ ያልቅና መሬቱ ወደ ቆላ ይወረወራል። በሚያዝያ 1928 የማርሻል ባዶሊዮ የካሚዮን ሰልፍ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጭቃውና ዳገቱ ምን ያህል እንዳስቸገረው የታወቀ ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ጣሊያን መንገድ መሥራት ጀመረ። ዋሻው የመጣው እንዲህ ነው። ለፍቅር የተሠራ አይደለም፤ ወታደርና ስንቅ በክረምትም በበጋም እንዲያልፍ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን ጠላቶቹም በዚያው አቅጣጫ ሄዱ፦ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴን ያዘ።

የታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ። መሐንዲሱ ተራራውን አሸነፈ፣ በቃ። ስለ ሾፌሩ ዓይን ማን ይጠይቅ?

የሰው ዓይን ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ የዓይኑ ብሌን በሴኮንዶች ውስጥ ይሰፋል። ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልገዋል። አሁን እናስላው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ጣርማ በርን ከ53 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል። ዓይኑ ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ቢጠፋበት 22 ሜትር ሳያይ ተጉዟል ማለት ነው። ጨለማውን ሳይለምድ ብርሃኑ ይመጣና እንደገና ያጥበረብረዋል።

ይህን ነገር በቁም ነገር ያጠናው ሆላንዳዊው ዱኮ ሽሮይደር ነው፤ የመመረቂያ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከውጭ ለሚመጣ ሾፌር የዋሻ አፍ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ውስጡ ላም ትኑር የቆመ መኪና አይለይም። ስለዚህ ዋሻ ከፍተኛውን መብራት የሚፈልገው ሌሊት ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ፣ እሱም መግቢያው ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጣርማ በር ሲቆፈር ይህ እውቀት ገና አልነበረም።

እኛ ጋሞዎች ተራራን እንዞራለን እንጂ አንበሳም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወይም ወደ ካምባ የሚወጣ ሾፌር ጥምዝምዙ ሲደክመው ቢያማርርም፣ መንገዱ አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል። ጉሙም ቢሆን ቀስ እያለ ነው የሚወፍረው። ዋሻ ግን ቀኑን በአንድ እርምጃ ይቆርጠዋል። ኖርዌይ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችም አደጋ የሚበዛው ከዋሻው መሀል ይልቅ መግቢያው አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል።

ጭንቅላቱስ? ዋሻ ውስጥ የገባ ሾፌር ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከግድግዳውም ይሸሻል። ከግድግዳ መሸሽ ማለት ደግሞ ወደ መሀል፣ ከፊት ወደሚመጣው መኪና መጠጋት ነው። ዓይኑ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ዳር ዳሩን ማየት ይተዋል።

ረጅም ዋሻ ደግሞ ሌላ በሽታ አለው፤ ይሰለቻል፣ ያስተኛል። ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ2000 የከፈቱት ላርዳል 24.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩ እንዳይፈዝ በየ6 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ሰፋ ያለ አዳራሽ ፈልፍለው ሰማያዊ መብራት፣ ከሥሩ ደግሞ የንጋት ፀሐይ የሚመስል ቢጫ አበሩበት። ሦስት የውሸት ሰማይ ሠሩ እንበል። ሃያ ደቂቃ ለሚነዳ ሰው ብለው ነው ይህን ሁሉ የለፉት።

ጣርማ በር ለመፍዘዝ ጊዜ አይሰጥም። ከደብረ ሲና በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲጎተት ቆይቶ ጭሱን ይዞ ይገባል። ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ግን ሜዳ ለምዶ፣ እግሩ ነዳጅ ላይ እንዳለ ነው የሚደርሰው። መነጽሩን ማውለቅ፣ መብራት ማብራት፣ ከፊት የሚመጣውን መለየት፣ ሁሉንም በዚያች ከደቂቃ ባነሰች ጊዜ ነው። ሲወጣ ብርሃኑ፣ ሲብስም ጉሙ፣ ፊቱ ላይ ይፈነዳል፤ ማርሹን መቀነስ ያለበትም ያኔ ነው፤ ወደ ደብረ ሲና የሚጥለው ቁልቁለት ከዚያ ይጀምራልና።