ከድቡ በፊት የነበረው ሀብት

የማርጋሬቴ ሽታይፍ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ስለ ድቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አደን ወጥቶ፣ ታስሮ የቀረበለትን ድብ አልገድልም አለ፤ ነገሩ በጋዜጣ ካርቱን ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የድብ አሻንጉሊት ያላማረው ልጅ ጠፋ። በዚህ አተራረክ ጀርመናዊቷ ልብስ ሰፊ የበለጸገችው ባሕር ማዶ የተነሳ ፋሽን ደጇ ድረስ ስለመጣላት ነው። አተራረኩ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘሎ ያልፋል፤ የሀብቷ መሠረት የተጣለው ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ነው።

ማርጋሬቴ በ1847 በደቡብ ጀርመን ጊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቿን ሽባ አደረገ፤ ቀኝ እጇም እንደልብ አይታዘዛትም ነበር። ያም ሆኖ ስፌት ተማረች። የስፌት መኪና መዘውሩ የተሠራው ለቀኝ እጅ ስለሆነ፣ መኪናውን ወደ ኋላ አዙራ በግራ እጇ እየዘወረች ትሰፋ ነበር። በ1877 ፌልት ከሚባለው፣ ከሱፍ ከሚጠቀጠቅ ወፍራም ጨርቅ ልብስ እየሠራች የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ከሁለት ዓመት በኋላ በፋሽን መጽሔት ያየችውን የዝሆን ንድፍ ይዛ መርፌ መሰኪያ ሰፋች፤ ለስላሳ፣ በመዳፍ የሚያዝ ዝሆን። ልጆች ግን መርፌውን ትተው ዝሆኑን ተጫወቱበት። በ1886 ብቻ ከ5,000 በላይ ዝሆኖች ተሸጡ፤ በ1892 የወጣው ካታሎግ ሌሎች እንስሳትንም ይዞ ነበር። ድቡ ገና አልተወለደም።

ድቡ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ የአንዲት ከተማ የእጅ ሥራ ሆኖ ይቀር ነበር የሚል ይኖራል። በገንዘብ ከታየ እውነትነት አለው። የወንድሟ ልጅ ሪሃርድ የሠራው፣ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰው ድብ በ1903 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ቀረበ፤ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ 3,000 አዘዘ፤ በ1907 ምርቱ 974,000 ደረሰ። ነገር ግን ገበያው የተከፈተው ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ በብሩክሊን ሞሪስ ሚችተም በዚያው ሰሞን የራሱን ድብ ይሸጥ ነበር። በአንድ ዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ድብ ለመስፋት ቆራጩ፣ ሰፊው፣ ሥራውን ቤት ለቤት አከፋፍሎ መልሶ የሚሰበስበው ሰው ቀድሞ መኖር አለበት። በፋብሪካው ወደ 400፣ በየቤታቸው ደግሞ ወደ 1,800 ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች። እንዲህ ያለ አደረጃጀት ትእዛዝ በመጣ ማግስት አይቆምም። የእነዚህ ሴቶች ስም ከታሪኩ መቅረቱ ሊቆጨን ይገባል፤ የሽታይፍ ሀብት የእነሱም የጣት ሥራ ነውና።

ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ይላል፦ ዝሆኖቹን ገበያ ያወጣው ወንድሟ ፍሪትስ ነው፤ ድቡ የሪሃርድ ነው፤ ከ1904 ጀምሮ አስመሳዮችን ለመለየት በአሻንጉሊቱ ጆሮ ላይ የተደረገው ቁልፍም የሌላው የወንድሟ ልጅ የፍራንትስ ሐሳብ ነው። እውነት ነው፤ እንዲያውም እሷ ራሷ መጀመሪያ ድቡን ተጠራጥራው እንደነበር ይነገራል። ሆኖም ሪሃርድ በ1897 ሥራ ሲጀምር የገባው በስሟ ወደተመዘገበ፣ ደንበኛ ወዳፈራ ድርጅት ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ቁልፍ ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ገዢው አስቀድሞ የሚያምነው ጥራት ሲኖር ብቻ ነው። ያንን ጥራት ያስለመደችው፣ አዲስ ናሙና ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በእጇ ትመረምር የነበረችው ማርጋሬቴ ናት።

በ1909 በ61 ዓመቷ አረፈች። ድርጅቱ ዛሬም ጊንገን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ከአሻንጉሊቶቹ ጆሮ አልተነሳም።