የቤት ውስጥ አነስተኛ አኳሪየም የውሃ ጥራት

አነስተኛ የቤት አኳሪየም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ፣ ለጌጥ የሚያገለግሉ ዓሦች የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነው። በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ ዓሣን ቀድሞ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የውሃው መበላሸት ነው፤ በሽታውም ቢሆን ውሃው ያደከመውን ዓሣ ተከትሎ ይመጣል። በሐይቅና በወንዝ ከዓሣ የሚወጣው ቆሻሻ በብዙ ውሃ ስለሚበረዝ ጉዳቱ አይሰማም። በ20 ሊትር ውስጥ ግን ተበልቶ ያላለቀ መኖ ወይም ከድንጋይ ሥር ሞቶ የተረሳ አንድ ዓሣ ውሃውን በአንድ ሌሊት ሊመርዘው ይችላል። ጀማሪዎች ይቀላል ብለው ትንሹን ገንዳ ይመርጣሉ፤ እንክብካቤው የሚከብደው ግን የትንሹ ነው።

ዓሣንና ተክልን በአንድ ዕቃ አስማምቶ የማኖርን ዘዴ በሳይንስ ጽሑፍ ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ነው። በ1850 እ.ኤ.አ. ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር ባቀረበው ዘገባ፣ ሁለት ትናንሽ ጎልድፊሾችን ቫሊስኔሪያ ከተባለው የውሃ ተክል ጋር እንዳኖረ፣ የረገፈው ቅጠል በስብሶ ውሃውን ሲያደፈርሰውም ቅጠሉን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨምሮ ውሃውን እንዳጠራው ገልጿል። በዓይን የማይታየውን የሥራውን ትልቅ ድርሻ የሚወጡት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያወጣቸው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1890 አካባቢ ነው።

የናይትሮጅን ዑደት

ዓሣ ከተመገበው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። የበሰበሰ መኖና ተክልም አሞኒያ ይለቃል። በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በሁለተኛው ደረጃ ዋናው ሠራተኛ ናይትሮስፒራ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከዚሁ ወገን ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን የሚፈጽሙ እንዳሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ናይትራይት ከዓሣው ደም ጋር ተዋህዶ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚያሳጣው፣ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ያደላል። ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ ጉዳቱ በጣም የቀለለ ነው።

በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ በበቂ መጠን ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚህም ይዘገያሉ። ገንዳ በተገዛበት ቀን ዓሣ መጨመር እጅግ የተለመደው ስሕተት ነው። የሚሻለው ማጣሪያውን እያሠሩ በየቀኑ ጥቂት መኖ ጣል በማድረግ ገንዳውን ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። በመለኪያ ጠብታ ሲመረመር አሞኒያው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ ናይትራይቱም ተከትሎት እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲገኝ ገንዳው ዓሣ ለመቀበል ተዘጋጅቷል። ጤነኛ ዓሦች ከሚኖሩበት ነባር ገንዳ የማጣሪያ ስፖንጅ ቆርሶ ማምጣት ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

የአሞኒያ መርዛማነት የውሃው አሲድነት መለኪያ በሆነው በፒኤች መጠን ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ 1 እጅ በታች ነው። ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 እጅ ገደማ ይደርሳል፤ ፒኤች 9 ላይ ደግሞ ከሲሶው ይበልጣል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ አልካላይን፣ ማለትም ፒኤቹ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ ገንዳ ያለው ሰው መኖ ሲሰጥ ይበልጥ ሊቆጥብ ይገባል።

ያረጀ ገንዳ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ብዙ ሰውም አይጠረጥረውም። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲለውጡ አሲድ ስለሚፈጠር፣ ፒኤችን አጽንቶ የሚይዘው ካርቦኔት ቀስ በቀስ ያልቃል። ለወራት ውሃው ካልተቀየረ ፒኤች ከ6 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፣ አሞኒያውም ጉዳት በሌለው አሞኒየም መልክ ይጠራቀማል። ዓሦቹ ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነ ተላምደውት ይኖራሉ። ባለቤቱ አንድ ቀን ተነሥቶ አብዛኛውን ውሃ በአዲስ ሲቀይረው ግን ፒኤች በድንገት ያሻቅባል፤ የተጠራቀመው አሞኒየም ወደ መርዝነት ተለውጦ ዓሦቹን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ንጹሕ ውሃ ገደላቸው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ገንዳ ወደ ጤናው መመለስ ያለበት በየቀኑ ከመቶ 10 እጅ ያህሉን ብቻ እየቀየሩ ነው።

ምልክቶችና መፍትሔያቸው

ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ኦክስጅን አንሷቸዋል ወይም ስንጥባቸው ተጎድቷል። በባሕር ወለል ከፍታ በ25 ዲግሪ ውሃ አንድ ሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል፤ የአየር ግፊቱ በሚያንስበት በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ወደ 6 ሚሊግራም ይወርዳል። ለደጋ ነዋሪ የአየር ፓምፕ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የዓሣውንም ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ መኖ ማቆምና ውሃውን በየጊዜው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

በአዲስ ገንዳ የሚታይ ነጭ ድፍርስነት የባክቴሪያ መራባት ስለሆነ በራሱ ይጠራል። አረንጓዴ ውሃ የሚመጣው ብርሃንና ናይትሬት ሲበዛ በሚፈላ ዋቅላሚ ነው፤ ገንዳውን ከመስኮት ፀሐይ ማራቅና ለጥቂት ቀናት መሸፈን ያጠፋዋል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከጠጠሩ ሥር አየር እንደታፈነ ይናገራል።

አሞኒያ ወይም ናይትራይት ሲገኝ መኖ ይቆማል፤ ገንዳው ያረጀና ፒኤቹ የወረደ ካልሆነ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርስ ውሃ ወዲያው ይቀየራል። ናይትራይት ከሆነ በሊትር 1 ግራም ያህል ጨው መጨመር ዓሣውን ያግዘዋል፤ ከጨው የሚገኘው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል።

የዘወትር እንክብካቤ

በየሳምንቱ ከመቶ 20 እስከ 25 እጅ የሚሆነውን ውሃ መቀየር ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። አዲሱ ውሃ ከገንዳው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖረው ይገባል። በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ለስንጥብም ለባክቴሪያም መርዝ ነው፤ አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት ቢቀመጥ ይተናል። ክሎራሚን ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይወጣም፤ እንደ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለ ማርከሻ ይፈልጋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ኦክስጅኑንም ስላጣ ሳይናጥ አይጨመርም።

ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው። በቧንቧ ውሃ ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያም ብሶ ገንዳውን ባዶ አድርጎ በሳሙና መፈተግ፣ በሳምንታት የተራባውን ባክቴሪያ አጥፍቶ ገንዳውን ወደ መጀመሪያው ቀን ይመልሰዋል። ከገንዳው የወጣው ውሃ ናይትሬት ስላለው ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ዓሣውና ተክሉ ግን ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ መለቀቅ የለባቸውም፤ ዛሬ ጣናን የወረረው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው በአበባው ውበት ለጌጥ ተፈልጎ ነው።